ዐይን የጎደላት

ሐሙስ ማታ፣ ሙሐረቅ፣ ከመግሪብ በኋላ፣
ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የምሰቅለው እኔ ነኝ ያንን ነጭ አንሶላ።
አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አራት ጫፉን ወጥሬ፣
ከበሩ ሥር እቆማለሁ የሻይ ብርጭቆ ቆጥሬ።

አቡ ጃሲም ማሽኑን ያዞራል፤ ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣
እሷም አብራው ትንቀጠቀጣለች።
ካሜራውን አባቱ ነው ከቦምቤ ያስመጣው፣ በአንድ በጋ የሉል ሽያጭ፣
በእጅ የሚሽከረከር፣ እንደ ስፌት መኪና የሚንጫጫ።

ሦስት ፊልም ሠራች። ሦስቱ ተደምረው ሠላሳ አንድ ደቂቃ፣
ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያችኑ ያህል ትኖራለች፣ ከሞቷ ነቅታ፣
ከዚያ መብራት ይበራል።

ጀውሃራ ይሏታል። በጀልባ ነው የመጣች።
«ሐበሻ ነበረች፣ እንደዚችው» ይላል አቡ ጃሲም፣ ወደ እኔ ሳያይ።
የማን እንደነበረች፣ በስንት እንደመጣች፣
አልጠየቅሁም፤ እሱም አላወራ።

በመጀመሪያው ፊልም ባሏ ሉል ሊያወጣ ባሕር ገብቷል፤
እሷ እንስራ ተሸክማ ዳርቻው ላይ ትቆማለች።
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጥቁር ካርድ፣ ነጭ ጽሕፈት፦
«ባሕር ሆይ፣ ባሌን መልሽልኝ፤ ያለ እርሱ ሌሊቴ አይነጋም።»
ማዳም እዚች ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ታለቅሳለች።

ባቲ አንድ ወንድም አለኝ፣ እንድሪስ፣ ጆሮው የማይሰማ፣
ከንፈር ማንበብ ከእሱ ጋር ነው የለመድሁት።
በሦስተኛው ሐሙስ አየሁት፦
ያ ከንፈር ዐረብኛ አይደለም። የኛው ነው።
«ባዶ ነው ብላችሁ ሞልታችሁ ታሸክሙኛላችሁ?
አንገቴ ተቀጨ! ቶሎ በሉ!»

ሳቅሁ። ትሪው ከእጄ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቅሁ።
ማዳም በእንባዋ መሐል ዞረች፦ «ምን ያስቅሻል?»
ማፊ፣ አልኋት።

በሁለተኛው ሙሽራ ናት። ወርቁ የውሸት፣ ሙቀቱ የእውነት፣
ኩሏ ቀልጦ ጉንጯ ድረስ ወርዷል።
ካርዱ «ደስታዬ ወሰን የለውም» ይላል፤
እሷ፣ «ይቺ ጫማ የማን ናት? ተረከዜን ላጠችኝ።»

ከዚያ ድምፅ መጣ።
ማናማ የሚናገር ፊልም ታየና ሰው ሁሉ ጆሮ አወጣ።
አባትየው አስጠራት፦ «እስቲ ዐሊ በይ።»
«አሊ።»
«ዐሊ!»
«አሊ።»
እስከ ዛሬ በዚህ ቤት የሚሳቅበት ቀልድ ነው፦
ዓይን እንደ እሷ ያለው አልተፈጠረም፣ ጉሮሮዋ ግን ዐይን የለው።
በአንዲት ፊደል አበቃላት።
እኛ ሀገር ያቺን ፊደል እንጽፋታለን እንጂ ማንም አይጠራትም፤
ዓይኑ ዐ ናት፣ አይታ ዝም የምትል።

ሦስተኛው ስላላለቀ ካርድ የለውም።
ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጣ ገመድ ትፈታለች፣
ድንገት ቀና ትላለች፣ አንሶላውን ሰንጥቃ በሩ ሥር እኔን ታያለች፣
ስሟን ትናገራለች።
ጀውሃራ አይደለም። ከንፈሯ አንዴ ይገጥማል፣ ይከፈታል፣ በቃ።
«መ» ይሁን «በ»፣ ከንፈር አይለይም፤
ምርቄ ትሁን ብርቄ
የቀረውን ጉሮሮዋ ይዞት ሄዷል።
ሐሙስ ከሐሙስ እኔም ያለ ድምፅ እሞክራለሁ፦
ምርቄ?
ብርቄ?

ዛሬ አቡ ጃሲም እጀታውን አቆመና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ዞሮ አየኝ። «ይገባሻል አይደል? ምንድን ነው የምትለው?»
ማዳም መሐረቧን እንደያዘች ጠበቀች።
«ካርዱ ላይ እንዳለው ነው፣ ባባ።»

ሲተኙ አንሶላውን አወረድሁ።
አራት ቦታ አጠፍሁት፣
ፊቷ የነበረበትን ወደ ውስጥ።